የመጨረሻው መቆንጠጫ

የልጄ አማት ሁልጊዜ በሩን ከፍታ ነው የምትጠብቀኝ። በአንድ እጇ የልጅ ልጃችንን፣ በሌላው ቦርሳዋን ይዛለች። እኔ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ እየተቻኮልኩ መጥቼ ሦስተኛ ፎቅ እስክደርስ ትንፋሽ ያጥረኛል። ደረጃው እኩሌታ ላይ ቆም እልና ቀና ብዬ ፊቷን አያለሁ፤ መጥፎ ነገር ካለ ከሩቁ ልወቀው ብዬ ነው። ልጅቷን ታቀብለኛለች፣ ጉንጬን ትስመኛለች፣ በፋርስኛ ረዘም ያለ ነገር ትነግረኛለች፣ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትወርዳለች። እኔም “እሺ፣ እሺ” እላለሁ። ምን እንዳለችኝ ግን አላውቅም ነበር።

ልጄና ባሏ ጠዋት ወጥተው አመሻሽ ላይ ነው የሚገቡት። ጠዋቱን ልጅቷን እሷ ትጠብቃለች፣ ከሰዓት በኋላውን እኔ። እኔ ጠዋት ጠዋት የሆቴል አንሶላ እተኩሳለሁ፤ እሷ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊ ቤት ሱሪ ታሳጥራለች። ስሟን ጠርቼው አላውቅም። ልጇ “ኻኖም ይበሏት፣ ወይዘሮ እንደማለት ነው” ስላለኝ ኻኖም እላታለሁ፤ እሷም እኔን ኻኖም ትለኛለች። እንዲህ ሁለት ኻኖሞች ሆነን የዓመት ከመንፈቅ ልጅ እንቀባበላለን። ልጅቷን ድንቢጥ ነው የምንላት። ስትራመድ ብድግ ብድግ ትላለች፣ ስትበላም የምትለቅም እንጂ የምትበላ አትመስልም።

ድንቢጥን አንድ ሳምንት አተኮሳት። አንዱን ቀን ኻኖም ጠዋት የትኩሳቱን ሽሮፕ ሰጥታታለች፤ ስንቀባበልም በር ላይ ነግራኛለች፣ ማንኪያውንም ጠርሙሱንም ከፍ አድርጋ አሳይታኛለች። እኔ ደግሞ “ስጫት” ያለችኝ መሰለኝና ደግሜ ሰጠኋት። ልጅቷ እንቅልፍ ወሰዳት። ብጠራት አትሰማም፣ እግሯን ብኮረኩራት አትነቃም። ደረቷ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ የምሰማው የእሷን ልብ ይሁን የራሴን መለየት አቃተኝ። ይዣት ሐኪም ቤት ሮጥኩ፤ ሐኪሙ እስኪመሽ አቆይቶ “ደህና ናት፣ ምንም አልሆነችም” ብሎ ሸኘን።

ልጄ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታኝ ዕቃ እያጠበች ነው የነገረችኝ።

“እማ፣ የሕፃናት ማቆያ ቦታ ይዣለሁ። ከሚመጣው ወር መጀመሪያ ጀምሮ፣ ሙሉ ቀን።”

“ለማን?”

“ለማን ይሆናል? ለድንቢጥ ነዋ።”

“እኛስ?”

“እናንተማ ልጅቷ ምን ሆና እንደዋለች እንኳ መነጋገር አልቻላችሁም። ተኛች አልተኛችም፣ መድኃኒት ወሰደች አልወሰደችም። እኔ ሥራ ቦታ ልቤ ተንጠልጥሎ መዋል አልችልም።”

ልብ ማንጠልጠሉን ከማን እንደወረሰችው ሁለታችንም እናውቃለን። በሐሳቤ ማቆያውን አየሁት፤ ሃያ ልጅ፣ አንዲት ሞግዚት፣ የተከፈተ መስኮት። ከዚያ ደግሞ የራሴን ከሰዓት በኋላ አየሁት፤ ከአንሶላው ወደ ባዶ ቤቴ፣ ከባዶ ቤቴ ወደ አንሶላው።

“ቋንቋውን ብማርስ?” አልኳት።

“በሃያ ሁለት ቀን?”

“ሁሉንም አይደለም። የሆነውን ብቻ። ዛሬ ምን ሆነ የሚለውን ብቻ።”

ዞር ብላ አየችኝ። ከእጇ ላይ አረፋው እየተንጠባጠበ ነው። “እስኪ” አለች። ከዚህ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

አስተማሪዬ አማቼ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ድንቢጥን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ “እማማ፣ ግማሹን ያውቁታል” አለኝ። “ፋርስኛም እንደ እርስዎ ቋንቋ ነው። መጀመሪያ ማን፣ ከዚያ መቼ፣ ከዚያ የት፣ ከዚያ ምን። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ያለፈ ነገር ሲያወሩ ሰልፉን አይልቀቁ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።”

እኔ ከሥራ ቦታ የተረፉ የካርቶን መለያዎች ይዤ መጥቼ ነበር፤ በየአንሶላው ጥቅል ላይ ቁጥር የምንጽፍባቸውን። እሱ ባንዱ ገጽ ላይ በፋርስ ፊደል ይጽፋል፣ ያነብልኛል፣ እኔ እንደሰማሁት ጀርባው ላይ በፊደላችን እጽፋለሁ። ሳሎኑን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ የልጅቷ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ አለ። መለያዎቹን በመቆንጠጫ እዚያ ላይ በተርታ ሰቀልናቸው። ባቼ። ኤምሩዝ። ሺር። ኾርድ።

“ሕፃን፣ ዛሬ፣ ወተት፣ በላ” አለ አማቼ።

“በላ ነው ጠጣ?”

“ሁለቱም አንድ ነው። ወተትም ይበላል፣ መድኃኒትም ይበላል።”

“ወንድ ነው ሴት?”

“እሱንም አይለይም።”

“ታዲያ የኛዋ ልጅ መሆኗን በምን አውቃለሁ?”

“እማማ፣ እዚህ ቤት ሌላ ልጅ የለም።”

ልጄ ከወጥ ቤት ስትስቅ ሰማኋት። ሳቋን ከሰማሁ ሰንብቼ ነበር።

ከዚያ አማቼ ገመዱን አልፎ ወደ መስኮቱ ወገን ሄደና ከዚያ ማዶ ሆኖ ያነብ ጀመር። እኔ ከዚህ፣ እሱ ከዚያ። የእነሱ ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሄደው፤ ከማዶ ለሚቆም ሰው ደግሞ የእኔ ግራ የእሱ ቀኝ ነው። ስለዚህ ማንም ምንም ሳያገላብጥ፣ አንዱን ገመድ ሁለት ሰዎች ከሁለት ወገን እያነበቡ እኩል ግሱ ላይ ይደርሳሉ። ፀሐይ በካርቶኖቹ ላይ አልፋ ጥላቸውን ወለሉ ላይ ጥላለች፤ ጥላው ላይ ጽሑፍ የለም፤ ድንቢጥ ግን ጣቷን እየቀሰረች ታነበዋለች።

“ሌላ ምን ግስ ይፈልጋሉ?” አለኝ።

በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። ተቀብሎኝ ቀስ እያለ አነበበው። ወደቀ። ተቃጠለ። አነቀው። ደማ። ጠፋ። ተመረዘ። አንቀጠቀጠው። ከሌሎቹ ጋር አሥራ ሁለት ናቸው።

“እማማ፣ እዚህ ውስጥ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም?”

“እንቅልፍማ በዓይን ይታያል። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ይሄ ነው።”

አሥራ ሁለቱንም ጻፈልኝ። ከዚያ ሳልጠይቀው ከራሱ አራት ጨመረ፤ ኻቢድ፣ ተኛ። ኻንዲድ፣ ሳቀ። ባዚ ካርድ፣ ተጫወተ። ጌርዬ ካርድ፣ አለቀሰ። “‘ና’ የምትባል ቃል ከግሱ ፊት ከመጣች ደግሞ አልሆነም ማለት ነው” አለኝና እሷንም ለብቻዋ ጻፋት። ለእናቱም ቁጭ ብሎ አስረዳት። ኻኖም ቀትር ላይ ከመሄዷ በፊት የልጅቷን ጠዋት ገመዱ ላይ ትሰቅላለች፣ እኔ ደርሼ አነባለሁ። ሕጉን ለሁለታችንም በየቋንቋችን ነገረን፤ “ገመዱ ላይ ያለው የሆነው ነው።”

የመጀመሪያው ቀን ኻኖም ገመዱ ዘንድ አቆመችኝና ራሷ ወደ መስኮቱ ማዶ ተሻገረች። ከካርቶኖቹ በላይ ግንባሯና መነጽሯ ብቻ ይታዩኛል። አነበብኩ። ባቼ። ልጅ። ኤምሩዝ። ዛሬ። ዳር ኦታግ። ክፍል ውስጥ። እዚህ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። አንዲት ልጅ ክፍል ውስጥ ሊደርስባት የሚችለው ስንት ነገር ነው። መሳቢያው፣ የመብራቱ ገመድ፣ የአበባ ማስቀመጫው። ከአንዱ መቆንጠጫ እስከ ቀጣዩ ያለው አንድ ክንድ አይሞላም፤ እኔ ግን ሐኪም ቤት ደርሼ ተመለስኩ። ከዚያ ዓይኔን አንቀሳቀስኩ። ኻቢድ። ተኛ።

ኻኖም ከማዶ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ነቀነቅኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ከሰዓት በኋላዎች አሁን ሳስባቸው አንድ ረዥም ከሰዓት በኋላ ይመስሉኛል። ድንቢጥ ገመዱ ሥር ፍራሿ ላይ ትተኛለች። መስኮቱ ገርበብ ያለ ነው፤ ነፋስ በገባ ቁጥር ቃላቱ ይወዛወዛሉ፣ ዛሬ ከወተት ጋር ይነካካል፣ ወተት ከክፍል ጋር። እኔ ወንበር ላይ ሆኜ እየደጋገምኩ ሳጠና እንቅልፍ ያዳፋኛል። በእንቅልፌ ቃላቱ ከገመዱ ወርደው በተርታ ይሄዳሉ፤ ደረጃውን ይወርዳሉ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ይገባሉ፣ ከትላልቆቹ አንሶላዎች መሐል ይጠፉብኛል። ሁሉም ደርሰው ግሱ ብቻ አይመጣም። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። እንፋሎቱ ነጭ ነው፣ ሰው አይለይም። “መጣህ?” እላለሁ፤ መልስ የለም። ብንን ስል ድንቢጥ ከፍራሿ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

በሥራ ቦታ ሳይቀር ለመደብኝ። አንሶላ አብራኝ የምታጥፈው ባልደረባዬ፣ “ምንድን ነው የምታነበንቢው? ጸሎት ነው?” አለችኝ።

“አይደለም። ልጅ ወተት በላ ነው።”

“እሰይ” አለችና አንሶላውን ሳበችው። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም።

ልጄ ማታ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ገመዱ ጋ ሄዳ ታያለች፤ ለእሷ ብዬ ሳላነሳ አቆየዋለሁ። አስተያየት አትሰጥም። አንድ ቀን ብቻ፣ “ሁለት ሳምንት ሊሆናችሁ ነው፣ አንድም አልተሳሳታችሁም” አለችኝ። ደስ አለኝና ወዲያው ፈራሁ።

አሥራ ሁለቱ ካርቶኖች ያሉት ሽርጥ ኪሴ ውስጥ ነው። ኻኖም አይታቸው አታውቅም። ድንቢጥ ስትተኛ አንዳንዴ የመልካሙን ግስ አውርጄ ከእነሱ አንዱን እሰቅላለሁ፣ አነበዋለሁ፣ መልሼ ወደ ኪሴ። ለክፉ ቀን ብዬ ነበር የጀመርኩት። በኋላ ግን እውነቱን ለመናገር፣ አንዴ የተሰቀለ ክፉ ነገር ልጅቷ ላይ የማይደርስ እየመሰለኝ ነው። እንዲህ እያደረግኩ ማውረዱን ረስቼ አላውቅም ነበር።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ረሳሁ። በማግስቱ ልጄ ለማቆያው መልስ የምትሰጥበት ቀን ነው፤ እሱን እያሰብኩ ሳላውቀው ሙሉውን ሰቅዬዋለሁ። ባቼ ኤምሩዝ አዝ ፔሌ ኦፍታድ። ልጅ ዛሬ ከደረጃ ወደቀ። በመለያዎቹ መሐል ቆሜ ሳነብ ድንቢጥ ያለ ሰዓቷ ተነሣች። ከንፈሯ ሊንቀጠቀጥ ነው። ቶሎ ጫማዋን አድርጌላት፣ ብስኩት አስይዣት፣ አቅፌያት ወደ ጓሮ ወረድኩ።

ከሕንፃው ጀርባ ያለው ጓሮ ጎረቤቶች ልብስ የሚያሰጡበት ነው። የዚያን ቀን ሁሉም ተስማምተው ያጠቡ ይመስል መንቀሳቀሻ አልነበረም። ድንቢጥን አወረድኳትና በእርጥብ አንሶላዎች መሐል ሄድን። እሷ ባንዱ ሥር ትገባለች፣ በሌላው ሥር ትወጣለች፤ እኔ አንሶላው ላይ የሚያርፈውን ትንሽ ጥላዋን ብቻ እያየሁ እከተላለሁ። ድምፅ የለም፣ የመንገዱ ጩኸት እዚያ አይደርስም። አንሶላዎቹ ሲነፉ ልጅቷን ይሸፍኗታል፣ ሲያርፉ ይመልሱልኛል። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። የፍርሃት ሐሳብ ሳይመጣብኝ ያሳለፍኩት ጊዜ ቢኖር ይኸው ነው፤ ለዚህ ይሆናል ጊዜው ያመለጠኝ።

ስንመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አንድ ወንበር ተገልብጧል። ሌባ አልኩ። ሌባው እዚያው ያለ መሰለኝና ድንቢጥን ደረቴ ላይ ለጥፌ ደፉ ላይ ቆምኩ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ይጮኻል። ልጄ ናት።

“እማ፣ የት ሐኪም ቤት ናችሁ?” ድምፅዋ የእሷ አይመስልም።

“ማን?”

“ድንቢጥ ናታ። ከደረጃ ወድቃ የለም እንዴ?”

ልጅቷ እቅፌ ውስጥ ናት። ይሁንና እንዲያ ስትለኝ ለአፍታ እኔም አመንኩ። ራሷን ዳበስኩ፣ ከጆሮዋ ኋላ አየሁ፣ ክንዷን አንሥቼ ዘረጋሁ። ከዚያ እግሯ ጋ ደረስኩ።

“አንድ እግሯ…” አልኩ።

“እግሯ ምን ሆነ?”

“ጫማ የለውም።”

“እማ። ትተነፍሳለች?”

“ብስኩት እየበላች ነው።”

“እየመጣን ነው” አለችና ዘጋችው። ቀና ስል ገመዱን አየሁት። ከመስኮቱ ወገን ካርቶኖቹ በእነሱ ፊደል እንደተሰለፉ፣ የሚያወርዳቸውን ሰው ይጠብቃሉ።

ኻኖም የልብስ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ለመነጽሯ ነበር የተመለሰችው። ጠዋት መስኮቱ ጋ ረስታው ሄዳለች፤ ያለ እሱ መርፌ መሰካት አትችልም። ስትወጣ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ የድንቢጥን አንድ ጫማ አገኘች፤ ስወርድ እቅፌ ላይ ሆና የጣለችውን። ቤቱ ባዶ ነው። መነጽሯን አድርጋ ዞር ስትል ገመዱ ላይ ተጽፎላታል። ገመዱ ላይ ያለው ደግሞ የሆነው ነው። ለልጇ ደወለች፣ ልጇ ለልጄ ደወለ፤ እሷ ጫማውን እንደያዘች መንገዱ ጥግ ወዳለው ክሊኒክ ሮጠች። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ያኔ ግን ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ሰማሁና ወጣሁ። ኻኖም ቀስ እያለች ትወጣለች። ፀጉሯ ተበትኗል፣ ጫማውን ሁለት እጇ ውስጥ ጨምቃዋለች። እኔ ሁልጊዜ እንደማደርገው ደረጃው እኩሌታ ላይ ቆም ብላ ቀና አለችና ፊቴን አየች። ከዚያ ድንቢጥን አየች። ድንቢጥ የብስኩቷን ቁራሽ ዘረጋችላት።

ኻኖም እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ወርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የልጅቷን ባዶ እግር ያዘች፣ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችው፣ ጫማውን አደረገችላት፣ ማሰሪያውን አንዴ ፈትታ ደግማ አሰረችው። አንድ ነገር ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ገመዱ ግን እላይ ቀርቷል፣ የማየው ነገር የለም።

“ባቼ ናኦፍታድ” አልኩ። አልወደቀችም ማለቴ ነው።

“ናዮፍታድ” ብላ ቀስ ብላ አስተካከለችኝ፤ ልብሱን እንደምታስተካክለው።

“ናዮፍታድ። ማን… ማን ኔቬሽታም።” እኔ ጻፍኩ። ለምን እንደጻፍኩት የሚያስረዳ ቃል ፈለግኩ። ኪሴ ውስጥ ያሉት አሥራ አንዱ ሁሉ የሚቃጠሉና የሚደሙ ናቸው። ከዚያ አማቼ አንድ ቀን እየሳቀብኝ የነገረኝ ቃል መጣልኝ። “ማን ታርሲዳም።” እኔ ፈራሁ።

ኻኖም ወደ እኔ ዞረች። የመለኪያ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው።

“ማን ሃም ታርሲዳም” አለች። እኔም ፈራሁ።

ይህንን ስትል ከበታቻችን ሰው እንዳለ አላየንም። ልጄ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ባሏ ከኋላዋ ነው። ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም። ወጥታ ድንቢጥን ከእቅፌ ወሰደችና እንደ እኔ ራሷንና ጆሮዋን ዳበሰች።

ቤት ገብተን ከተቀመጥን በኋላ ‘ወደቀ’ን ከገመዱ አወረደችና የቀሩትን ካርቶኖች ከኪሴ አስወጣችኝ። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

“እማ፣ ‘ተመረዘ’ ሽርጥሽ ውስጥ ምን ይሠራል?”

“ቢያስፈልግ ብዬ ነው።”

“ቢያስፈልግ።” እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። “ነገ ለማቆያው መልስ እንደምሰጥ እያወቅሽ።”

ማቆያውን እንደገና አየሁት፣ ሃያውን ልጅ፣ መስኮቱን። ኻኖም ልጇን ምን እየተባለ እንደሆነ በዓይኗ ትጠይቀዋለች። እሱ ለእሷ ተረጎመላት፣ ከዚያ የወደቀውን ወንበር አነሣና ተቀመጠበት።

“እኔ የምለው” አለ ልጄን፣ “ያን ጊዜ መድኃኒቱ ሁለቴ ሲሰጥ ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል። ዛሬ ያልሆነውን ነገር እንኳ በአምስት ደቂቃ ሁላችንም አወቅነው።”

“ቀልድ አይደለም።”

“አልቀለድኩም። እናቴ አነበበች፣ አመነች፣ ሮጠች። ሠርቷል እኮ። የተሰቀለው ነው እንጂ ልክ ያልነበረው፣ አሰቃቀሉስ ልክ ነበር።”

ልጄ ካርቶኖቹን ስታይ ቆየች። የአፏ ዳር ሊስቅ ሲል አየሁትና እንዳላየ ሆንኩ፤ ካዩባት ትመልሰዋለች። “ደረጃው ላይ ስታወሩ ሰማኋችሁ” አለችኝ መጨረሻ ላይ። “እኔ በአራት ዓመት ከእሷ ጋር እንዲህ አውርቼ አላውቅም።”

ካርቶኖቹን ሰብስባ ለኻኖም ሰጠቻት። ኻኖም ከቦርሳዋ የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮዋን አውጥታ አሥራ ሁለቱንም ከቁልፎቹ ሥር ከተተቻቸውና ክዳኑን ገጠመችው። ሲያስፈልጉ ከእሷ እጠይቃለሁ ማለት ነው። ልጄም፣ “ለማቆያው ቦታውን ለሌላ ሰው ስጡት እላቸዋለሁ። ባዶ ሜዳ ላይ ‘ወደቀ’ ብለሽ ከሰቀልሽ ግን፣ እማ…” ብላ አልጨረሰችውም። ግሱን ለእኔ ተወችልኝ።

በማግስቱ ደረጃውን ስወጣ ኻኖም በር ላይ አልነበረችም። የቀረውን ደረጃ ሮጥኩ። ገባሁ። ገመዱ ላይ ተሰቅሏል። ባቼ። ኤምሩዝ። ዳር ኦታግ። የመጨረሻው መቆንጠጫ ባዶውን ይወዛወዛል። ኻኖም ከማዶ፣ መስኮቱ ጋ፣ ተንበርክካ ወንበር ሥር አንድ ነገር ትፈልጋለች። በቆርቆሮው ውስጥ ያሉት አሥራ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ትዝ አሉኝ።

ድንቢጥ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ አለች። ጉንጯ ተነፍቷል። ጣቴን አስገብቼ አወጣሁት፤ የራሰ፣ የተጨመቀ፣ ቀለሙ የሟሟ ካርቶን ነው። በእኔም ፊደል በእነሱም ፊደል አይነበብም። ገልብጬ ገልብጬ አየሁት፣ ከዚያ ኻኖምን አየኋት። ከገመዱ በላይ ግንባሯና መነጽሯ ቀስ ብለው ወጡ።

“ኻንዲድ” አለችኝ። ሳትጽፈው፣ እጇን ሳታወዛውዝ፣ ለሰው እንደሚነገር። ተርጓሚም ገመድም ሳይኖር ሰማኋት፤ ሳቀች። ልጅ ዛሬ ክፍል ውስጥ ሳቀች።

እኔም የራሰውን ካርቶን ከፍ አድርጌ አሳየኋትና ማንም ያልጻፈልኝን ተናገርኩ። “ባቼ ኤምሩዝ ካርት ኾርድ።” ልጅ ዛሬ ካርድ በላ።

ኻኖም ገመዱን ይዛ ሳቀች፤ ባዶው መቆንጠጫ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ድንቢጥ ሁለታችንንም እያየች አጨበጨበች። ከዚያ ኻኖም ቦርሳዋን አነሣች፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ እየሳቀች ደረጃውን ወረደች፤ ድምፅዋን እስከ ታች ሰማሁት።

ብቻዬን ስቀር ካርቶኑን መስኮቱ ላይ ዘርግቼ አደረቅኩት። አንድ ጥጉ የለም። ፍራሹ ሥርም፣ ወንበሩ ሥርም፣ የልጅቷ አፍ ውስጥም ፈለግኩት። ልጅቷ ደህና ተኝታለች። ያቺን ጥግ ግን እስከ ማታ ስፈልጋት ዋልኩ።